ወንዝ ያስቀመጠው

ባለፈው ሰኔ ለቤተሰብ ጉዳይ ድሬዳዋ ሄጄ ነበር። ከቀኑ ስድስት ሰዓት ላይ አናቴ ሊፈላ ሲደርስ ታይዋን ገባሁና አንዷን ባለሱቅ ጃንጥላ ጠየቅኳት።

«ለፀሐይ ነው ለዝናብ?» አለችኝ።

«አለችኝ» ማለቴን እንደ ድፍረት አትቁጠሩብኝ። ሴትዮዋ ታላቄ ናት። ግን ድሬ ላይ «አንቱ» ሥራ የፈታ ቃል ነው፤ ያልለመደበትን ሰው አንቱ ካላችሁት «ምን አስቀየምኩህ?» ይላችኋል።

«ለሁለቱም ይሆናል» አልኳት።

«አቦ ለዝናብስ አትግዛ! እዚህ የሚዘንበው ምን ያደርጋል? ሰው የሚወስደው ሌላ አገር የዘነበው ነው» ብላኝ ወደ ሌላ ደንበኛ ዞረች።

ጃንጥላዬን ይዤ ቆሜ ቀረሁ። እናንተዬ፣ እኔ እኮ ለአሥራ ዘጠኝ ዓመት ሥነ ጽሑፍ ያስተማርኩ ሰው ነኝ። ስለ ወንዝ ብዙ ብያለሁ፤ ተማሪዎቼም ብዙ ጽፈውልኛል። እንዲህ ያለ አጭርና ሙሉ ዓረፍተ ነገር ግን ከእኔም ከእነሱም አልወጣም።

ታይዋንን ለማታውቁት ልንገራችሁ። ደሴቲቱን ማለቴ አይደለም፤ እሷ ዘንድ ቆይተን እንደርሳለን። የድሬዋ ታይዋን ገበያ ናት። ልብሱ፣ ጫማው፣ ሽቶው፣ ስልኩ፣ የሕፃን መጫወቻው በየጠባቡ መተላለፊያ ተንጠልጥሎ የመንገደኛውን ግንባር ይዳስሳል። ስሟን ያገኘችው ከዕቃዋ ነው ይባላል፤ የራዲዮኑም፣ የቴፑም፣ የሰዓቱም ጀርባ ላይ የዚያች አገር ስም ይነበብ ከነበረበት ዘመን። እኔም ተማሪ ሳለሁ አንድ ሰዓት ገዝቼ ነበር። ሰዓቱ ከድሬ ሳይወጣ ቆመ። ልመልስ ብሄድ ሻጩ ምን አለኝ? «ወንድሜ፣ ዕቃው ከየት እንደመጣ እኔም አላውቅ፤ ለማን ልመልሰው?» አልፈረድኩበትም። ያን ጊዜ ብዙው ዕቃ በሌሊት ተጉዞ፣ ኬላ ሳይነካ የሚደርስ ነበር።

የባለሱቋን ቃል ሳሰላስል ይኸው ነገር ትዝ አለኝ። የድሬም ጎርፍ ለካ ኮንትሮባንድ ነው። ሌላ አገር ይጫናል፣ በሌሊት ይጓዛል፣ ሳይፈተሽ ይገባል። ሲደርስ ደግሞ የሚመለስበት አድራሻ የለውም።

ከታይዋን ወጥቼ ወደ ደቻቱ ሄድኩ። ደቻቱ ከተማዋን ለሁለት የሚከፍላት ወንዝ ነው። በአንዱ በኩል ከዚራ አለ፤ የባቡሩ ዘመን ሰፈር፣ ቀጥ ቀጥ ያሉ መንገዶችና ትልልቅ የጥላ ዛፎች ያሉበት። በሌላው በኩል መጋላ፤ ገበያው፣ ግርግሩ፣ ጠመዝማዛው ቅያስ። «ወንዝ ነው» ስላችሁ ግን ውሃ እንዳትጠብቁ። በዓመቱ አብዛኛው ቀን የምታዩት ሰፊ የአሸዋ ጎዳና ነው። ልጆች ኳስ ይጫወቱበታል፣ ፍየል ይሻገርበታል፣ አሸዋ ይጫንበታል፣ ንግድም ይዘረጋበታል። አዲስ እንግዳ ወንዙ መሐል ቆሞ «ወንዙ በየት በኩል ነው?» ብሎ ቢጠይቅ አትሳቁበት።

መልሱ ወደ ደቡብ ቀና ማለት ነው። ከከተማዋ ጀርባ የሐረርጌ ደጋ እንደ ግድግዳ ቆሟል። ድሬ ከባሕር ወለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ናት። የደንገጎን ጠመዝማዛ ጨርሳችሁ ሐሮማያ ሜዳ ስትደርሱ ወደ 2,000 ሜትር ወጥታችኋል። ብዙ ሳትርቁ ከሽርጥ አገር ጋቢ አገር ገባችሁ ማለት ነው። ያንን ግድግዳ ያቆመው የስምጥ ሸለቆው መሰንጠቅ ነው። ወንዞቹ ደግሞ ከዚያ ጊዜ ጀምሮ ግድግዳውን ሲፍቁት፣ ሲሰነጥቁት፣ ቁልቁል ሲያወርዱት ኖረዋል።

ደጋው ላይ ከባድ ዝናብ ሲጥል ውሃው በየቦዩ፣ በየፈፋው ይሰበሰብና ቁልቁለቱን ይይዘዋል። ወንዝ የሚሠራው እንዲህ ነው፤ የአንዱ ማሳ ጠብታ የሌላውን ይጠራዋል፣ ሁለቱ ሦስተኛውን። የውሃ ጉልበት ግን ከብዛቱ ብቻ አይመጣም፤ ከፍጥነቱም ነው። ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን ሊያንከባልለው የሚችለው ድንጋይ ክብደት እጥፍ ብቻ ሆኖ አይቀርም። የወንዝ ሳይንስ መጻሕፍት ስሌቱን ሠርተው 64 እጥፍ ይሆናል ይላሉ። ጠዋት ጠጠር እንኳ መግፋት ያቃተው ጅረት ማታ ቋጥኝ እያጋጨ የሚወርደው ለዚህ ነው።

ከዚያ ውሃው ሜዳው ላይ ይደርሳል። ቁልቁለቱ ያልቃል፣ ሩጫው ይቀንሳል፣ ጉልበት ይከዳዋል። የተሸከመውን ማስቀመጥ ይጀምራል። መጀመሪያ ቋጥኙን፣ ቀጥሎ ጠጠሩን፣ ከዚያ አሸዋውን፣ በመጨረሻ ደለሉን። ከገበያ ሸክም ይዛ የተመለሰች እናት ከባዱን ደጃፍ ጥላ ቀላሉን ጓዳ ድረስ ይዛ እንደምትገባው። ታዲያ ባስቀመጠ ቁጥር የገዛ መንገዱን ይደፍናል፤ ሲደፈንበት ወደ ጎን ይዞራል፤ እዚያም ያስቀምጣል። በብዙ ሺህ ዓመታት ከተራራው ሥር እንደ ማራገቢያ የተዘረጋ ሜዳ ይሠራል። ድሬ የተቀመጠችው እንዲህ ያለ ውሃ ያነጠፈው መሬት ላይ ነው።

በ1895 ዓ.ም ከጅቡቲ የተነሳው ሐዲድ ወደ ሐረር መውጣት ተስኖት እዚህ ተራራ ሥር ደረሰ። አዲስ ከተማም ተቆረቆረች። በመጀመሪያ ስሟ «አዲስ ሐረር» ነበር። ባቡሩን ያስቆመው ተራራና ጎርፉን የሚያጣድፈው ተራራ አንድ ነው። መሐንዲሶቹ ሐዲድ ለመዘርጋት ደልዳላ መሬት ፈለጉ፤ ደልዳላውን መሬት ደግሞ ቀድሞ ያሰናዳው ወንዙ ነው። ስለዚህ «ወንዙ ከተማ ገባ» ስንል ነገሩን ገልብጠነዋል። ከተማው ነው ወንዙ ቤት የገባው።

ደቻቱን ክፉ ብቻ አድርጌ እንዳላማው ደግሞ ይህን ልጨምር። «የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም» ይላል ተረታችን። ድሬ ግን የምትጠጣው የፈሰሰውን አፍሳ ነው። የከተማዋ ውሃ ከሳቢያንና ከሌሎች ጉድጓዶች የሚቀዳ የከርሰ ምድር ውሃ ነው። ጎርፉ ሲያልፍ ያ የምትንቁት አሸዋ የድርሻውን ውጦ ያስቀራል። የተረፈው ወደ ሰሜን ነጉዶ ቆላው ሜዳ ላይ ይሰምጣል፤ ባሕር አያይም። ተፋሰሱ የአዋሽ ነው፤ አዋሽ ራሱም ቢሆን ባሕር ሳያይ ጅቡቲ ጠረፍ አቤ ሐይቅ ላይ የሚቀር ወንዝ ነው። እና ደረቁ ደቻቱ ባዶ ቤት አይደለም። ባለቤቱ ግማሹ ከአሸዋው ሥር ተኝቷል፤ ግማሹ ደንገጎ ላይ ደመና ሆኖ ይዞራል።

*

ይህን ሁሉ ሲያውቅ እንደኖረ ሰው እንዳወራሁ አትዩኝ። ያወቅኩት ዘግይቼ ነው። የመዘግየቴን ዋጋ ደግሞ የከፈለው ሌላ ሰው ነው።

አክስቴ፣ የእናቴ ታላቅ፣ ቤቷ መጋላ በኩል ከወንዙ ዳር ነበር። ልጅ ሳለሁ ትምህርት ሲዘጋ በባቡር እላክላት ነበር። ደቻቱ በእሷ ጓሮ በኩል ሲያልፍ ትንሽ ይታጠፋል። የወንዝ መታጠፊያ ሁለት ጠባይ አለው። በውጭኛው ጎን ውሃው ይፈጥናል፤ ዳሩን ይበላል፣ ይንዳል። በውስጠኛው ጎን ይዘገያል፤ አሸዋ ያስቀምጣል። ከአንዱ ቀምቶ ለሌላው የሚያድል ይመስላል። የአክስቴ ጓሮ የወደቀው በውስጠኛው ጎን ነበር። ስለዚህ ክረምት በመጣ ቁጥር ጓሮዋ ያድጋል። ማዶ ያለው ጎረቤት አጥሩን ወደ ኋላ ሲያሸሽ አክስቴ አጥሯን ወደ ፊት ታራምዳለች። «ወንዙ መረቀን» ትላለች፤ ቡናዋን እያቀረበች።

በ1996 ዓ.ም ትንሽ ገንዘብ ቋጥሬ ልጠይቃት ስመጣ፣ «እዚያ ጓሮ ላይ አንድ ክፍል ብንሠራ ኪራዩ ያኖረኛል» አለችኝ። ደስ አለኝ። ለእኔ ላደረገችው ሁሉ እጄ ላይ የመጣ ውለታ መመለሻ ሆኖ ታየኝ። ግንበኛ ጠራን፤ ችካል ተተከለ። ይህን ጊዜ አንድ ሽማግሌ ጎረቤት፣ ከልጅነቱ ጀምሮ በዚያ አሸዋ ከብት ሲያሻግር የኖረ ሰው፣ ሽርጡን ሰብሰብ አድርጎ መጣና ችካላችንን ዞሮ አየው።

«ይሄ የወንዙ ነው» አለኝ።

«ወንዙ ሰጠን እኮ!» አልኩት እየሳቅኩ።

«ወንዝ አይሰጥም። ያስቀምጣል» አለኝ። «ያስቀመጠ ደግሞ ይመጣል።»

እኔ ምን ያደረግኩ ይመስላችኋል? አባባሉን ወደድኩት! ማስታወሻ ደብተሬ ላይ ጻፍኩት። ክፍል ውስጥ ወንዝ በቃል ግጥሞቻችን የጊዜ ምሳሌ፣ የመለያየት ምሳሌ፣ የሕይወት ምሳሌ ነው እያልኩ የማስተምረው ትምህርት ነበረኝ፤ በሚቀጥለው ዓመት ይህንን ቃል እየጠቀስኩ ተማሪ አስደነቅኩበት። ችካሉን ግን አልነቀልኩም። ሰውየው ስለ ውሃ ነገረኝ፤ እኔ ዘይቤ ሰማሁ።

ክፍሉ ተሠራ። አንዲት አትክልት ነጋዴ ከትንሽ ልጇ ጋር ተከራየችው። አክስቴ በደብዳቤዋ «ልጁ እያጫወተኝ ነው» ትለኝ ነበር።

ሐምሌ 29 ለ30 ቀን 1998 ዓ.ም። ቅዳሜ ለእሑድ አጥቢያ። ደጋው ላይ ከባድ ዝናብ ጣለ። ከተማው ተኝቷል። «ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል» ይባላል፤ ደቻቱ ግን ማሳሳቂያ ጊዜ አልሰጠም። ውሃው በሌሊት ሲደርስ በወንዙ ዳርና በወንዙ ሆድ ውስጥ ያለውን ሁሉ ይዞ ሄደ። ከ250 በላይ ሰዎች ሞቱ፤ ብዙዎች የገቡበት ሳይታወቅ ቀሩ፤ በሺዎች የሚቆጠሩ ቤት አልባ ሆኑ። ከሳምንት ገደማ በኋላ፣ ነሐሴ መጀመሪያ ላይ፣ ኦሞ ሞልቶ በደቡብ ኦሞ ከ360 በላይ ሰዎችን ጨረሰ። ያ ክረምት ኢትዮጵያ ከወንዞቿ ጋር የተጣላችበት ክረምት ነበር። ወይስ ወንዞቿን የረሳችበትን ዘመን ሒሳብ የተቀበለችበት?

የአክስቴ ዋና ቤት ከፍ ያለው ላይ ነበርና ግድግዳው ተሰንጥቆ ቀረ። እሷም ተረፈች። የጓሮው ክፍል ግን አልነበረም። «ፈረሰ» አላልኩም፤ የፈረሰ ቤት ፍርስራሽ አለው። አልነበረም ነው የምላችሁ። እኔ በሦስተኛው ቀን ስደርስ ክፍሉ የነበረበት ቦታ ላይ ልጅ ሆኜ የማውቀው አሸዋ፣ ልስልስ ብሎ፣ ምንም እንዳልተፈጠረ ተኝቷል። ነጋዴዋም ልጇም አልተገኙም።

ሽማግሌው ጎረቤት በሕይወት ነበር። አየኝና አንገቱን ነቀነቀ። «ብዬህ ነበር» አላለኝም። ቢለኝ ይሻለኝ ነበር።

አክስቴ ከዚያ በኋላ ስምንት ዓመት ኖረች። አንድም ቀን «ያን ገንዘብ ባላመጣህ ኖሮ» አላለችኝም። እኔም «አንቺ ነሽ የጠየቅሽኝ» አላልኳትም። ቡና ሲጠጣ ግን ሁለታችንም ጀርባችንን ለጓሮው ሰጥተን እንቀመጥ ነበር። መስከረም ላይ ክፍል ገብቼ ስለ ወንዝ ምሳሌነት ላስተምር ስጀምር ቃሉ ጉሮሮዬ ላይ ቀረ። ትምህርቱን ከዝርዝሬ አወጣሁት። ምክንያቱን የጠየቀኝ ተማሪ አልነበረም።

*

ሰው ሲቆጨው ያነባል። እኔም ያቺን ማስታወሻ ደብተር ዘግቼ ስለ እውነተኛው ወንዝ ማንበብ ያዝኩ። ገበያዋን ስም ካወሰቻት ከዋናዋ ታይዋን ጋር የተዋወቅነው በዚህ መንገድ ነው። የሰዓቷን ጀርባ እንጂ የወንዟን ፊት መች አውቅ ነበር?

ታይዋን ወደ 4,000 ሜትር የሚጠጋ ተራራ መሐሏ ላይ የቆመባት ደሴት ናት። ረጅሙ ወንዟ ዙሹይ 190 ኪሎ ሜትር እንኳ አይሞላም። ወንዞቿ አጭርና ቁልቁለታም ናቸው። በደረቁ ወራት ሰፊ የጠጠር ሜዳ፣ መሐሉ ላይ ቀጭን ውሃ። የድሬን ሰው ወስዳችሁ ብታሳዩት «ደቻቱ እኮ ነው!» የሚል ይመስለኛል። ነሐሴ 2001 ዓ.ም ሞራኮት የተባለ አውሎ ነፋስ በጥቂት ቀናት ውስጥ ተራሮቿ ላይ ከ2,500 ሚሊ ሜትር በላይ ዝናብ አፈሰሰ። ለማመሳከር ያህል፣ ድሬ ዓመቱን ሙሉ የምታገኘው 600 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። ሺያኦሊን የምትባል መንደር ተራራ ተደርምሶባት በመቶዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ተቀበሩ። ድሬ ካለቀሰች ገና ሦስት ዓመቷ ነበር።

ይህች እንግዲህ የዓለም ስልክና ኮምፒውተር ያለ እሷ ሥራ የሚቸገር አገር ናት። ሀብት ግንብ ያቆማል፣ የማስጠንቀቂያ ደወል ይደውላል፣ ብዙ ነፍስ ያተርፋል። ይህ ቀላል ነገር አይደለም። የወንዝን ጠባይ ግን ሀብትም አይለውጠውም።

እኛ ዘንድ ደግሞ ሌላ ነገር አለ። ከጎርፍ በኋላ ሁሌ የሚነሳ አንድ ወሬ አለ፦ «ምን ሊያደርጉ ወንዝ ውስጥ ገቡ?» የሚል። ይህ ጥያቄ ያናድደኛል። ወንዝ ዳር የሚኖረው ሰው ሞኝ ሆኖ አይደለም። ከፍ ያለው ቦታ ከፍ ያለ ገንዘብ ስለሚጠይቅ ነው። አዲስ አበባ ላይ በቀበና፣ በግንፍሌ፣ በባንተይቀጡ ዳር ሰው ጎጆውን የቀለሰው የውሃ ድምፅ ናፍቆት አልነበረም። ከተማ ሲያድግ ድሀው ቁልቁል ይወርዳል፤ ጎርፍም ቁልቁል ይወርዳል፤ ሁለቱ የሚገናኙት ታች ነው። ያቺ አትክልት ነጋዴ ሞኝ አልነበረችም። ኪራዩ ረከሰላት። ያረከስኩላት እኔ ነኝ።

ሌላው ደግሞ ይህ ነው። «የወንዜ ልጅ» የምንለው ለአገራችን ሰው ነው። ቃሉን ከልብ ብንወስደው ደንገጎ ላይ የሚያርሰው ገበሬና ታይዋን ውስጥ የሚነግደው ወጣት የወንዝ ልጆች ናቸው፤ ተያይተው ባያውቁም። የላይኛው ኮረብታ ዛፉ ከተመነጠረ፣ እርከኑ ከፈረሰ፣ ውሃው የሚያዘገየው አጥቶ በአንድ ጊዜ ታች ይደርሳል። ዛፍና እርከን ካለ ውሃው እየተዋጠ፣ እየተንጠባጠበ ይወርዳል። ስለዚህ የድሬን ሕፃን የሚጠብቀው የመጀመሪያው ግንብ ያለው ድሬ ውስጥ አይደለም፤ ላይ፣ የገበሬው ማሳ ላይ ነው። ገበሬው ግን ለዚያ ጥበቃ ደመወዝ የለውም። የወንዝ ልጅነት በምስጋና ብቻ ወንዝ አያሻግርም።

ውሃ አይመለስም የሚል ካለ ደግሞ ሐሮማያ ሄዶ ይይ። ሐይቁ በ1990ዎቹ መጨረሻ ደርቆ ሰዉ «እዚህ ሐይቅ ነበረ» እያለ ለልጁ ተረት አደረገው። በቅርብ ዓመታት ውሃው ተመልሶ መጣ። ውሃ ረጅም መንገድ ይሄዳል እንጂ አድራሻ አይጠፋበትም።

*

አሁን ወደ ሰኔው ጉዞዬ ልመለስ። የሄድኩበት የቤተሰብ ጉዳይ የአክስቴ የልጅ ልጅ ነው። ሃያ ስድስት ዓመቱ ነው። ታይዋን ውስጥ ሰው ሱቅ ተቀጥሮ ስልክ ይሸጣል፤ ጎበዝ ነው፣ ምላሱ ቅቤ ነው። የራሱን ሱቅ ሊከፍት አስቦ ብድር ፈለገ። «ቦታ አግኝቻለሁ፤ ኪራዩ እንደ ነፃ ነው» አለኝ። ወስዶ አሳየኝ። ከደቻቱ ግንብ ሥር፣ ከወንዙ ወገን፣ አንድ ያረጀ ኮንቴይነር።

ከ1998ቱ ጎርፍ በኋላ በወንዙ ግራና ቀኝ የመከላከያ ግንብ ተሠርቷል። መልካም ሥራ ነው። ግን በ2012 ዓ.ም ሚያዝያ ላይም ድሬ ውስጥ ጎርፍ ሰው ወስዷል። ግንብ ውሃን ያስኬዳል እንጂ ዝናብን አይከለክልም። ሲያስኬድም በጠበበ ቦታ ስለሆነ ውሃው ይፈጥናል። ፍጥነት ምን እንደሚያደርግ ደግሞ ቅድም አውርተናል።

«እዚህ አይሆንም» አልኩት።

«ጋሼ አንተ ደግሞ! ግንቡን አታየውም?»

«አየዋለሁ። ልጅ ሆነህ ከዚህ ግንብ ላይ ወደ አሸዋው ትዘል ነበር?»

«እንዴታ! እግራችንን እስኪያመን ነበር የምንዘለው።»

«እስኪ አሁን ጫፉ ላይ ተቀመጥ።»

እየሳቀ ወጥቶ ተቀመጠ። እግሮቹ ተንጠለጠሉ። ከጫማው ሶልና ከአሸዋው መሐል የቀረው አንድ ክንድ ቢሆን ነው። ወደ ታች ተመለከተ።

«እኔ አድጌ ነው» አለኝ።

«አንተም አድገሃል። አሸዋውም አድጓል። ያላደገው ግንቡ ነው።»

ዝም አለ። ከዚያ የጓሮውን ክፍል ነገር ነገርኩት። አያቱ ነግራው አታውቅም። የነጋዴዋን ነገር፣ የልጁን፣ የችካሉን፣ የሽማግሌውን ቃል፣ የእኔን ሳቅ። ሳልቀንስ ነገርኩት። ከአሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ትምህርቴ ሁሉ ያን ቀን ግንቡ ላይ የሰጠሁት ሳይሻል አይቀርም፤ ተማሪው አንድ ብቻ ነበር፤ ማስታወሻም አልያዘም።

በነጋታው ጠዋት ደወለልኝ። ታይዋን ውስጥ፣ ከፍ ብሎ፣ ጠባብ ቦታ አግኝቷል። በር የምታህል ሱቅ ናት። «ኪራዩ ግን ጋሼ፣ የኮንቴይነሩን ሦስት እጥፍ ነው» አለኝ።

«ልዩነቱን እኔ እከፍላለሁ» አልኩት።

እየከፈልኩ ነው፤ በየወሩ። ጃንጥላዋም ለፀሐይ እያገለገለችኝ ነው። ልጁ ገንዘብ በላክሁለት ቁጥር ይደውልና «ጋሼ፣ ሥራው ሲቆም እመልስልሃለሁ» ይለኛል። አይገባውም። ብድሩን እየመለስኩ ያለሁት እኔ ነኝ።